ሲሪያል ፍላሽ ሜሞሪ በመስክ መዝጋቢ መሣሪያዎች ውስጥ፦ የመደምሰስ ዋጋና የኃይል መቋረጥ

በመስክ ላይ የሚተከል አውቶማቲክ የዝናብ መለኪያ ሥራው ቀላል ይመስላል። ተገልባጩ ጣሳ በሞላ ቁጥር ይገለበጣል፤ እያንዳንዱ ግልብጫ ለምሳሌ 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወክላል፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ግልብጫዎቹን ይቆጥርና በየ10 ደቂቃው አንድ መዝገብ በሲሪያል ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ያሰፍራል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ አንድ ትንሽ ነገር ይጨምርበታል። መሣሪያው ጠፍቶ ሲነሣ ከየት እንደሚቀጥል እንዲያውቅ፣ የመጨረሻው መዝገብ የሰፈረበትን ቦታ የሚያመለክት ቁጥር በሜሞሪው አንድ ቋሚ ሴክተር ላይ ያስቀምጣል። በየ10 ደቂቃውም ያንን ሴክተር ደምስሶ አዲሱን ቁጥር ይጽፍበታል። እንዲህ ያለው መሣሪያ በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ወር ቢፈተን አንዳች እንከን አይታይበትም።

ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በየ10 ደቂቃው አንድ መደምሰስ ማለት በቀን 144 መደምሰስ ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚውሉ ቺፖች አምራቾች ለአንድ ሴክተር ዋስትና የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ለ100,000 የመጻፍና የመደምሰስ ዙር ነው። 100,000 ለ144 ሲካፈል 694 ቀን ገደማ ይሆናል። በሰኔ መጀመሪያ የተተከለ መለኪያ ሁለት ክረምት መዝግቦ፣ ሦስተኛው ክረምት ከመግባቱ ከአንድ ወር በፊት፣ ያ አንድ ሴክተር ከዋስትናው ክልል ይወጣል። መዝገቡ በየደቂቃው ቢሆን ኖሮ ዋስትናው 70 ቀን እንኳ አይደርስም ነበር። የሚያስቆጨው ደግሞ በዚያው ቺፕ ላይ ያሉት ሌሎቹ ሴክተሮች በሙሉ አዲስ ከመሆን ብዙም ያልራቁ መሆናቸው ነው።

እርግጥ ሴክተሩ በ695ኛው ቀን ማለዳ አይሞትም። ዋስትና ወሰን እንጂ የሞት ቀን አይደለም፤ ብዙ ቺፖች ከተባለው ቁጥር በላይ ይሠራሉ። ነገር ግን ለብዙ ዓመት የዝናብ መረጃ የሚፈልግ ጥናት በዕድል ላይ ሊመሠረት አይገባውም። ከዚህ በታች የሚቀርበው ማብራሪያ አንድ ነጥብ ለማሳየት ያለመ ነው፦ በሲሪያል ፍላሽ ላይ የሚቀመጥ መረጃ ደኅንነት በአብዛኛው የሚወሰነው በቺፑ ዓይነት ሳይሆን መደምሰስ የት፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደሚፈጸም በሚወስነው ፕሮግራም ነው። ለማሳያነት የተመረጠው በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች በቀላሉ የሚገኘው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተባለው ሰሌዳ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ አርፒ2040 በውስጡ ፍላሽ ሜሞሪ የለውም፤ ፕሮግራሙም መረጃውም የሚቀመጡት በአጠገቡ በተሸጠ የዊንቦንድ ኩባንያ ደብሊው25ኪው16ጄቪ ቺፕ ላይ ነው።

የቺፑ ጠባይ

ፍላሽ ሜሞሪ እያንዳንዱን ቢት የሚይዘው በትራንዚስተር ውስጥ በመከላከያ ሽፋን በተከበበ ተንሳፋፊ ጌት ላይ ኤሌክትሮኖችን በማጥመድ ነው። ኤሌክትሮኖች ሲገቡ ቢቱ 0 ሆኖ ይነበባል፤ ሲወጡ 1። ኖር በሚባለው የፍላሽ ዓይነት መጻፍ ማለት የተመረጡ ቢቶችን ከ1 ወደ 0 ማውረድ ብቻ ነው። ከ0 ወደ 1 መመለስ የሚቻለው በመደምሰስ ሲሆን፣ መደምሰስ ደግሞ በነጠላ ባይት አይሆንም፤ አንድ ሴክተር በጅምላ ይደመሰሳል። በእያንዳንዱ ዙር ኤሌክትሮኖቹ በቀጭኑ የመከላከያ ሽፋን ውስጥ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስክ ተገፍተው ስለሚያልፉ ሽፋኑ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ያረጀ ሴል ለመደምሰስ ይዘገያል፤ የያዘውንም ክፍያ ለዓመታት ጠብቆ የማቆየት ችሎታው ይቀንሳል፤ ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። ስለዚህ በዳታሺት ላይ ጎን ለጎን የሚሰፍሩት 100,000 ዙርና 20 ዓመት የመረጃ ቆይታ የሚሉት ሁለት ቁጥሮች በአንድ ሴክተር ላይ በአንድነት እንደሚገኙ ሀብቶች መታየት የለባቸውም።

ፍላሽ ሜሞሪን ያስተዋወቀው ፉጂዮ ማሱኦካ ነው፤ በቶሺባ ኩባንያ ሲሠራ በ1984 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደ የኤሌክትሮን መሣሪያዎች ጉባኤ ላይ አቀረበው። ስያሜውን ያወጣለት ባልደረባው እንደሆነ ይነገራል፤ ሜሞሪው በአንድ ጊዜ መደምሰሱ የካሜራን ብልጭታ አስታውሶት ነው። ስሙ ከመደምሰስ ፍጥነት መወሰዱ ዛሬ ለሚሠራበት መሐንዲስ ጥቂት ፈገግ የሚያሰኝ ነው፤ በእነዚህ ቺፖች ላይ ከመደምሰስ የሚዘገይ ሥራ የለምና።

ደብሊው25ኪው16ጄቪ 16 ሜጋቢት፣ ማለትም 2 ሜጋባይት ይይዛል። የሚጻፈው 256 ባይት በሆነ ገጽ ነው፤ የሚደመሰሰው ትንሹ ክፍል ግን 4 ኪሎባይት ሴክተር፣ ማለትም 16 ገጽ ነው። በአጠቃላይ 512 ሴክተሮች አሉት። አንድ ገጽ ለመጻፍ የተለመደው ጊዜ 0.4 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ከፍተኛው 3 ሚሊ ሰከንድ ነው። አንድ ሴክተር ለመደምሰስ የተለመደው 45 ሚሊ ሰከንድ፣ ከፍተኛው 400 ሚሊ ሰከንድ ነው። ንድፍ የሚሠራው በተለመደው ሳይሆን በከፍተኛው ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም ቺፑ ሲያረጅ የሚሄደው ወደዚያ ነው። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት ከዚህ በታች ለሚነሣው ሁሉ መነሻ ነው።

ትእዛዞቹና ዝምታቸው

ቺፑ ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር የሚነጋገረው ሞቶሮላ በ1980ዎቹ ባበጀው ኤስፒአይ በተባለው የሲሪያል መስመር ነው። በመሠረታዊ አኳኋኑ አራት የምልክት ሽቦ ይበቃዋል፤ የቺፕ መምረጫ፣ ክሎክ፣ የመረጃ መግቢያና የመረጃ መውጫ። ለፈጣን ንባብ በአራት የመረጃ መስመር መሥራት ይችላል። ትእዛዝ አንድ ባይት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ባይት አድራሻ ይከተለዋል።

ለመጻፍም ሆነ ለመደምሰስ አስቀድሞ የመጻፍ ፈቃድ የሚሰጠው ትእዛዝ፣ በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር 06፣ መላክ አለበት። ፈቃዱ ለአንድ ሥራ ብቻ ያገለግላል፤ ሥራው ሲያልቅ ራሱ ይነሣል። ፈቃድ ሳይሰጥ የተላከ የመጻፍ ትእዛዝን ቺፑ ያለ አንዳች ምልክት ይተወዋል። ሥራ ላይ እያለ የሚላክለትን አዲስ የመጻፍ ወይም የንባብ ትእዛዝም እንዲሁ ያልፈዋል። ይህ ዝምታ ከአደጋ መከላከያ ነው፤ ነገር ግን የመልስ አለመኖሩን እንደ መሳካት የሚቆጥር ፕሮግራም የተሳሳተ እምነት ይዞ ይቀጥላል። በስታተስ ሬጂስተሩ ላይ ያለው ሥራ የሚበዛበት መሆኑን አመልካች ቢት ወደ 0 መመለሱ ሥራው አብቅቷል ማለት እንጂ መረጃው በትክክል ሰፍሯል ማለት አይደለም። አንዳንድ አምራቾች የመጻፍና የመደምሰስ ውድቀትን የሚያሳውቁ ቢቶች ይጨምራሉ፤ በሁሉም ቺፕ ላይ ግን አይገኙም። መልሶ ማንበብና ማነጻጸር ብቸኛው አስተማማኝ መንገድ ነው፤ 32 ባይት መልሶ ማንበብ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ከመጻፉ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሌላው የታወቀ ወጥመድ የገጽ ወሰን ነው። ከገጹ መጨረሻ አልፎ የሚጻፍ መረጃ ወደ ቀጣዩ ገጽ አይሻገርም፤ ወደዚያው ገጽ መጀመሪያ ተመልሶ በነበረው ላይ ይጻፋል። መጻፍ ቢቶችን ወደ 0 ማውረድ ብቻ ስለሆነም ውጤቱ የአሮጌውና የአዲሱ ድብልቅ ነው፤ አሮጌውም አዲሱም አይተርፍም። 30 ባይት የሆነ መዝገብ በተከታታይ ሲሰፍር ዘጠነኛው መዝገብ ከ240ኛው ባይት ተነሥቶ ወሰኑን ይሻገራል። መዝገቡን ሁለት ባይት አስፍቶ 32 ማድረግ ችግሩን ከሥሩ ያጠፋዋል፤ 256 ለ32 ያለ ቀሪ ይካፈላልና። ለቦታ ቁጠባ ተብሎ የሚመረጥ ጎደሎ ልክ በኋላ የሚያስከፍለው ዋጋ ከቁጠባው ይበልጣል።

ጠቋሚውን ቁጥር አለማስቀመጥ

በመግቢያው የተነሣውን ቋሚ ሴክተር በሁለት መንገድ ማስቀረት ይቻላል። የመጀመሪያው በፍላሽ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ብልሃት ነው። ቢትን ከ1 ወደ 0 ማውረድ መደምሰስ ስለማይጠይቅ፣ በአንድ ሴክተር ውስጥ ያሉትን 32,768 ቢቶች አንድ በአንድ እያወረዱ መቁጠር ይቻላል። በቀን 144 ጊዜ ቢቆጠር አንድ መደምሰስ ለ227 ቀናት ይበቃል ማለት ነው። ብልሃቱ ያማረ ቢሆንም በሁሉም ቺፕ ላይ አይሠራም። በውስጣቸው የስህተት ማረሚያ ኮድ ያላቸው ቺፖች ኮዱን የሚያሰሉት ለተወሰኑ ባይቶች በአንድነት፣ ለምሳሌ ለ16 ባይት፣ ስለሆነ ያንኑ ክፍል ሳይደመስሱ ደጋግሞ መጻፍ ኮዱን ያፋልሳል ወይም እርማቱን ያሰናክላል። ቺፑ በገበያ ጠፍቶ በሌላ ሲተካ ይህ ብልሃት የተደበቀ ጉድለት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛውና የሚመረጠው መንገድ ጠቋሚውን ጭራሽ አለማስቀመጥ ነው። ከ2 ሜጋባይቱ ግማሹ ለፕሮግራሙ፣ ግማሹ ለመዝገብ ይመደብ እንበል። የመዝገቡ ክፍል 256 ሴክተር ይሆናል። እያንዳንዱ ሴክተር 128 የ32 ባይት ቦታዎች አሉት፤ የመጀመሪያው ቦታ ለሴክተሩ ራስጌ ይውላል፤ 127 ለመዝገብ ይቀራሉ። በራስጌው ላይ ሴክተሩ ተራው ደርሶ ሥራ ሲጀምር የሚሰጠው እያደገ የሚሄድ ባለ32 ቢት ተራ ቁጥር ይጻፋል። መዝገቦቹ ሴክተሮቹን እንደ ቀለበት እየዞሩ ይሞላሉ፤ ቀለበቱ ሲሞላ አሮጌው ሴክተር ተደምስሶ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል። መሣሪያው ሲነሣ የ256ቱንም ራስጌዎች ያነባል፤ ትልቁን ተራ ቁጥር የያዘው ሴክተር አሁን በመሞላት ላይ ያለው ነው። አንዱን ራስጌ ለማንበብ አራት ባይት ትእዛዝና አድራሻ፣ ስምንት ባይት መረጃ ቢወሰድ 96 የክሎክ ምት ይሆናል። በ10 ሜጋኸርትዝ ክሎክ ሁሉም ከ3 ሚሊ ሰከንድ በታች ይጠናቀቃሉ። አንድን ሴክተር በ694 ቀን ሲያስረጅ የነበረው ቁጥር ሲተመን ዋጋው በመነሻ ጊዜ ሦስት ሚሊ ሰከንድ መቆጠብ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ቀለበቱ በአጠቃላይ 32,512 መዝገብ ይይዛል፤ በቀን 144 ሲሰፍር 225 ቀን ያህል ነው። እያንዳንዱ ሴክተር በ225 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚደመሰስ የ100,000 ዙር ወሰን ከማንኛውም መሣሪያ ዕድሜ በላይ ይርቃል። ከዚህ በኋላ የሚያሳስበው የቺፑ ማርጀት አይደለም።

መደምሰስ ሲካሄድ ዝናብ ቢዘንብ

አርፒ2040 ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ከሲሪያል ፍላሹ በቀጥታ እያነበበ ነው፤ በመካከል 16 ኪሎባይት የሆነ ካሽ አለ። ይህ አሠራር ዋጋ ቆጣቢ ቢሆንም አንድ ግዴታ ያስከትላል። ቺፑ ሴክተር በሚደመስስበት ጊዜ ለንባብ አይገኝም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚነበብበት ምንጭ ለዚያ ያህል ጊዜ ይዘጋል። የመደምሰሱ ኮድ ራሱ ወደ ራም ተገልብጦ ከዚያ መሄድ አለበት፤ ኮዳቸው በፍላሽ ላይ ያለ ኢንተረፕቶች መዘጋት አለባቸው፤ ሁለተኛው የፕሮሰሰር ኮርም እየሠራ ከሆነ መቆም ይኖርበታል። ይህን የረሳ ፕሮግራም አንዳንዴ ይሠራል፤ አስፈላጊው ኮድ በአጋጣሚ በካሽ ውስጥ ሲገኝ ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ያለ ምክንያት የቆመ ይመስላል። እንዲህ ያለ ብልሽት ከሚያደክሙት ሁሉ ይብሳል።

ለዝናብ መለኪያው ጉዳዩ ከመቆም ያለፈ ትርጉም አለው። ግልብጫዎቹ የሚቆጠሩት በኢንተረፕት ከሆነ፣ በመደምሰስ ጊዜ የሚመጣ ግልብጫ ሳይቆጠር ሊያልፍ ይችላል፤ ሁለት ከመጡ ቢያንስ አንዱ ይጠፋል። በከባድ ዝናብ ወቅት ግልብጫዎች በሰከንዶች ልዩነት ይከታተላሉ፤ ለጎርፍ ጥናት የሚፈለገውም ያ ወቅት ነው። ስህተቱ ትንሽ ቢሆንም ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ማሳነስ ነው፤ በአማካይ አይካካስም። መፍትሔው ቆጠራውን ከፕሮግራሙ ማውጣት ነው። የአርፒ2040 ፒደብሊውኤም ክፍል በመግቢያ እግሩ ላይ የሚመጡ የምልክት ለውጦችን ያለ ፕሮሰሰሩ እርዳታ በሃርድዌር መቁጠር ይችላል። የጣሳው ማብሪያ ንክኪ ሲዘጋ የሚፈጥረው መንቀጥቀጥ ብቻ አስቀድሞ በሬዚስተርና በካፓሲተር መጣራት አለበት፤ ሃርድዌሩ የመጣለትን ሁሉ ይቆጥራልና።

አንድ ሴክተር የሚሞላው 127 መዝገብ ሲገባበት፣ ማለትም በ21 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ማለት ቀጣዩን ሴክተር አስቀድሞ ለመደምሰስ አንድ ቀን የሚጠጋ የምርጫ ጊዜ አለ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ባለፈው አንድ ሰዓት ግልብጫ ያልታየበትንና የባትሪው ቮልቴጅ ጥሩ የሆነበትን ሰዓት መርጦ ሊደመስስ ይችላል። በቺፑ ላይ መደምሰስን በመካከል አግዶ ኋላ ለመቀጠል የሚያስችሉ ትእዛዞችም አሉ፤ ነገር ግን 21 ሰዓት ላለው ሥራ የእነርሱን ውስብስብነት መሸከም ትርፍ የለውም።

ኃይል ሲቋረጥ

መደምሰስን ወደ ምቹ ሰዓት የማዛወር ትልቁ ጥቅም የሚታየው ከኃይል መቋረጥ ጋር ሲያያዝ ነው። የፀሐይ ሰሌዳ ገመድ ይላቀቃል፤ ባትሪ ያልቃል፤ የዋናው መስመር ኃይል ይቋረጣል። ብዙ ንድፎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ በ3.3 ቮልት መስመር ላይ ካፓሲተር መጨመር ነው። ካፓሲተሩ ምን ያህል ቢሆን ይበቃል የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ አይሰላም። ቺፑ ከ2.7 ቮልት በታች ሥራው ዋስትና የለውም፤ ስለዚህ ሊወርድ የሚፈቀደው ቮልቴጅ 0.6 ነው። ቺፑና ማይክሮኮንትሮለሩ በአንድነት 50 ሚሊ አምፔር ይወስዳሉ ተብሎ ቢገመት፣ በመካሄድ ላይ ያለ የገጽ መጻፍን በከፍተኛው 3 ሚሊ ሰከንድ ለማስጨረስ 0.05 ሲባዛ በ0.003፣ ሲካፈል ለ0.6፣ 250 ማይክሮፋራድ ያስፈልጋል። ርካሽ የሆነ የ470 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ይህን ከነትርፉ ያሟላል። ለከፍተኛው 400 ሚሊ ሰከንድ መደምሰስ ያው ስሌት ከ33,000 ማይክሮፋራድ በላይ ይሰጣል። ሱፐር ካፓሲተር ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ ሆኖም የውስጥ ተቃውሞው፣ ለሙቀት ያለው ስስነትና የመሙያ ሰርኪዩቱ የራሳቸውን ጣጣ ያመጣሉ። በአጭሩ፣ ካፓሲተር መጻፍን ሊያድን ይችላል፤ መደምሰስን ለማዳን ግን በቀላሉ አይበቃም። በአደጋ ጊዜ የሚቀረው ሥራ መጻፍ ብቻ እንዲሆን መደምሰሱ አስቀድሞ መጠናቀቅ ያለበት ለዚህ ነው።

በመደምሰስ መካከል የተቋረጠ ሴክተር አሳሳች ነው። ሴሎቹ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርተው ሁሉም 1 ሆነው ሊነበቡ ይችላሉ፤ ሙቀቱ ወይም ቮልቴጁ ሲለወጥ ግን አንዳንዶቹ 0 ሆነው ይነበባሉ። ባዶ መስሎ መታየት ተደምስሶ ከማለቅ ጋር አንድ አይደለም። በሊኑክስ ዓለም ለፍላሽ የተዘጋጀው ጄኤፍኤፍኤስ2 የተባለ የፋይል ሥርዓት ይህን የፈታው መደምሰሱ በሚገባ ሲጠናቀቅ በብሎኩ ላይ የንጽሕና ምልክት በመጻፍ ነው። ለዝናብ መለኪያውም ይኸው ይበቃል፤ መደምሰሱ አልቆ ሁሉም ባይት 255 መሆኑ ሲረጋገጥ በራስጌው ላይ ምልክት ይሰፍራል። ምልክት የሌለው ባዶ ሴክተር ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት እንደገና ይደመሰሳል። ምልክቱና በኋላ የሚመጣው ተራ ቁጥር በተለያዩ የ16 ባይት ክፍሎች ላይ ቢሰፍሩ ከላይ የተጠቀሰው የስህተት ማረሚያ ኮድ ችግርም አይነሣም፤ 32 ባይት ያለው ራስጌ ለዚህ ይበቃል።

ለመዝገቦቹም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ መዝገብ በመጨረሻ ባይቶቹ ላይ የሲአርሲ ማረጋገጫ ይይዛል፤ ማረጋገጫው የማይገጥም መዝገብ ይዘለላል እንጂ ሊታረም ወይም በላዩ ሊጻፍበት አይሞከርም። ሊጻፍ ተጀምሮ ገና በደካማ ክፍያ ላይ የተቋረጠ ቦታ ባዶ ሊመስል ስለሚችል፣ መሣሪያው በተነሣ ቁጥር ከመጨረሻው የተጻፈ ቦታ ቀጥሎ ያለውን አንድ ቦታ ይዘልና በሚከተለው ላይ የመነሻ መዝገብ ያሰፍራል። በዚህ መዝገብ ላይ የተነሣበት ሰዓትና ምክንያት ይጻፋል። የሚባክነው 32 ባይት ነው፤ ትርፉ ደግሞ ከቺፑ ደኅንነት አልፎ ለተመራማሪው ይደርሳል። ዝናብ ያልታየበት ሰዓት በእርግጥ ያልዘነበበት ነው ወይስ መሣሪያው የጠፋበት የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው እርሱ ነውና። በዝናብ መረጃ ውስጥ 0 እና ክፍት ቦታ የሚሰጡት ትርጉም ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ከድንገተኛ መቋረጥ ይልቅ የሚከፋው ቀስ ያለ መውረድ ነው። በአርፒ2040 ውስጥ ያለው የዝቅተኛ ቮልቴጅ ጠባቂ የሚከታተለው 1.1 ቮልት የሆነውን የውስጥ መስመር ነው። ይህ መስመር በቺፑ ውስጥ ባለ ተቆጣጣሪ የሚመነጭ ስለሆነ የ3.3 ቮልቱ መስመር ወደ 2.3 ቢወርድ እንኳ ምንም ላይሰማው ይችላል። ማይክሮኮንትሮለሩ በጤንነት ይሠራል፤ ፍላሹ ግን ከ2.7 በታች ሆኖ ትእዛዝ ይቀበላል። አንዱ ጤነኛ ሌላው ሕመምተኛ የሆኑበት ይህ ክልል ብዙ ምክንያታቸው ያልታወቀ የመረጃ መበላሸቶች የሚፈጠሩበት ሊሆን ይችላል። ለፍላሹ ወሰን የተመረጠ፣ ለምሳሌ በ2.9 ቮልት አካባቢ ማይክሮኮንትሮለሩን የሚያቆም የውጪ የቮልቴጅ ተቆጣጣሪ ቺፕ ይህን ክልል ይዘጋዋል። በፒኮ ሰሌዳ ላይ ደግሞ የመግቢያው ቮልቴጅ አንድ ሦስተኛ ከአናሎግ መለኪያው ጋር ተገናኝቶ ስለሚገኝ፣ ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ መደምሰስ በፊት ሊያነበው ይችላል፤ ተጨማሪ ዕቃ አያስፈልግም።

ቺፑ ሲለወጥ

በግዢ ሂደት ቺፑ በሌላ ዓይነት መተካቱ የተለመደ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ 9ኤፍ በሚለው ትእዛዝ የአምራቹንና የመጠኑን መለያ ቢያነብ፣ የመደምሰሻ መጠንና ትእዛዞችንም ጄዴክ የተባለው የደረጃ አውጪ ማኅበር በ2011 ባወጣው ደረጃ መሠረት በቺፑ ውስጥ ከሰፈረው ሠንጠረዥ ቢወስድ፣ ያልተጠበቀ ቺፕ በፋብሪካ ደጃፍ ይታወቃል እንጂ በመስክ ላይ አይታወቅም።

መጠን ለመጨመር ሲባል ከ128 ሜጋቢት በላይ ወደሆነ ቺፕ መሸጋገር ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ሦስት ባይት አድራሻ የሚደርሰው እስከ 16 ሜጋባይት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ቺፑ ወደ አራት ባይት አድራሻ ይዛወራል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ማይክሮኮንትሮለሩ ብቻ ዳግም ቢነሣ፣ መነሻ ኮዱ በሦስት ባይት ሲጠይቅ ቺፑ አራተኛውን ባይት ይጠብቃል፤ መሣሪያው ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ እስኪመለስ ድረስ አይነሣም። ሰው በማይደርስበት ቦታ ላለ መሣሪያ ይህ ከሞት አይሻልም። የሊኑክስ ከርነል እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎችን ለይቶ የሚያስጠነቅቅበት ምልክት እስከማበጀት ደርሷል። የዳግም መነሻ እግር ያለውን ቺፕ መርጦ ከማይክሮኮንትሮለሩ ዳግም መነሻ መስመር ጋር ማገናኘት፣ ወይም የቺፑን ሁኔታ የማይለውጡትንና አራት ባይት አድራሻ በቀጥታ የሚቀበሉትን ትእዛዞች መጠቀም ችግሩን ያስወግዳል።

ፍተሻ

የእነዚህ ጥንቃቄዎች መሥራት አለመሥራት በተለመደ ሙከራ አይታወቅም። በ21 ሰዓት አንዴ 45 ሚሊ ሰከንድ የሚወስድን መደምሰስ በዘፈቀደ የሚመጣ መቋረጥ የሚያገኝበት ዕድል ከ1.7 ሚሊዮን አንድ ያህል ነው። በጠረጴዛ ላይ መቶ ጊዜ ገመድ ነቅሎ መሰካት ስለዚህ የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ለፍተሻ የሚዘጋጀው ፕሮግራም መደምሰሱን በየ2 ሰከንዱ እንዲያካሂድ ቢደረግ፣ ከ44 መቋረጦች አንዱ በመደምሰስ ላይ ይወድቃል። ኃይሉን ሁለተኛ ማይክሮኮንትሮለር በትራንዚስተር በኩል በዘፈቀደ ጊዜ እየቆረጠ ይመልሰዋል፤ ከእያንዳንዱ መነሣት በኋላ መሣሪያው በሲሪያል መስመር ከመቋረጡ በፊት ሰፍረዋል ብሎ ያሳወቃቸው መዝገቦች በሙሉ መኖራቸው፣ ማረጋገጫቸው የገጠመው ሁሉ ይዘታቸው ትክክል መሆኑና አዲስ መዝገብ መቀበሉ ይጣራል። ከፊሉ ሙከራ በድንገት በመቁረጥ ሳይሆን ቮልቴጁን በብዙ ሰከንዶች ውስጥ ቀስ አድርጎ በማውረድ መካሄድ አለበት፤ ከላይ የተገለጸው የ2.7 ቮልት ክልል የሚታየው በዚያ ብቻ ነው። አንዱ ድንገተኛ መቋረጥ በአማካይ 6 ሰከንድ ቢወስድ 10,000 መቋረጥ በ17 ሰዓት ያልቃል፤ ከእነርሱም 225 ያህሉ በመደምሰስ ላይ ይውላሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚካሄዱት ወደ 30,000 የሚጠጉ መደምሰሶች በ256ቱ ሴክተሮች ላይ ሲከፋፈሉ ለእያንዳንዱ 117 ገደማ ስለሚደርሱት፣ የተፈተነው ሰሌዳ ራሱ ለመስክ ሊላክ ይችላል።